ከነቡችላው እና ብቻዬን

ማክሰኞ፣ ወሩ በገባ በአሥራ አራተኛው ቀን

ለምትናፍቀኝ ባለቤቴ፣

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ላስቀድም። ሁላችንም ደህና ነን። አባትህ ደህና ናቸው፣ ቡችላው ደህና ነው፣ እኔም ደህና ነኝ። ይህን መጀመሪያ ላይ የጻፍኩት ቀጥሎ የምነግርህን ስታነብ ልብህ እንዳይሰቀል ብዬ ነው። መሀል ላይ ከደነገጥክ ወደዚህ መስመር ተመለስና ደግመህ አንብበው።

በስልክ ለምን እንዳልነገርኩህ ይገባሃል። አባባ ጆሯቸው ስለደከመ የምናወራው ድምፁን ከፍ አድርገን፣ ስልኩን ሳሎን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠን ነው። እሳቸው ደግሞ አንተ ከመደወልህ ከግማሽ ሰዓት በፊት ፀጉራቸውን አበጥረው ስልኩ ፊት ይቀመጣሉ። እዚያው ተቀምጠው ስለ እሳቸው ምን ብዬ ላውራህ? ስለዚህ ላለፉት አምስት ሳምንታት «ሁሉ ሰላም ነው» እያልኩ ዋሸሁህ። ይቅር በለኝ። አሁን አልፏልና ከሥሩ ልንገርህ።

ነገሩ የጀመረው በቡችላው እግር ነው። «እኔ እስክመለስ አባባን ያጫውታል» ብለህ ይህን ትልቅ ዘር ውሻ ጥለህልን ወደ ድልድዩ ሥራ ስትሄድ አባትህ ያሉትን አልረሳህም። «ሰው ሲሄድ ጥጃ ይተካል?» ነበር ያሉት። ያወጣህለትን ስም እስከ ዛሬ በአፋቸው አልጠሩትም። እኔ ድንቡሼ እለዋለሁ፤ እሳቸው ጥጃው ይሉታል። አልወደዱትም ብዬ እንክብካቤውን እኔው ጠቅልዬ ያዝኩት።

ታዲያ እኔ ስለ ውሻ ምን አውቃለሁ? ቀኑን ሙሉ ስፌት ቤት የሰው መጋረጃ ጠርዝ እያጠፍኩ ስሰፋ የምውል ሴት ነኝ። ጎረቤታችን ጫማ ሰፊው አንድ ቀን በር ላይ አስቆመኝና «ይህ እኮ ሲያድግ ወገብሽ ድረስ ነው የሚመጣው። አጥንቱ ካሁኑ ካልጠነከረ እግሩ ይጎብጣል፤ ካልሲየም ስጪው» አለኝ። እኔም የካልሲየም ዱቄት ገዝቼ ጠዋት አንድ ማንኪያ፣ ማታ አንድ ማንኪያ ምግቡ ላይ መነስነስ ጀመርኩ። በዚያ ላይ ወተት፣ በዚያ ላይ እንቁላል። ደረቅ ምግቡንም ሳህኑ በጎደለ ቁጥር እሞላለሁ። ቡችላው እንደ ሊጥ ኩፍ አለ። መንገድ ላይ ሰው እያስቆመኝ «ይህ ውሻ ነው ድብ?» ሲለኝ እኔ የወለድኩት ይመስል ደረቴን እነፋ ነበር።

ከአምስት ሳምንት በፊት አንድ ጠዋት ግን ከደረጃው ሲወርድ የፊት ቀኝ እግሩን መሬት ማስነካት አቃተው። ጠጋ ብዬ ሳየው ሁለቱም የፊት እግሮቹ እንደ ተከፈተ መቀስ ወደ ውጭ ዞረዋል፤ ከመዳፉ ከፍ ብሎ ያለው አጥንት ደግሞ አብጦ ሎሚ ያክላል። የዚያኑ ዕለት ከሥራ አስፈቅጄ ወደ እንስሳት ሐኪም ወሰድኩት።

ሐኪሟ አጠር ያለች፣ እጅጌዋን እስከ ክርኗ የሰበሰበች፣ ነገር የማታስረዝም ሴት ናት። ገና ሳይመረመር የቡችላውን ጎን በሁለት እጇ ዳበሰችና «የጎድን አጥንቱ የት አለ?» አለችኝ።

«ውስጥ ነዋ» አልኳት።

ሳቀች። ቀጥላ እጄን ይዛ የእጄን ጀርባ በራሴ ጣቶች አስዳበሰችኝ። «አጥንቶቹ ከቆዳው ሥር ይሰሙሻል አይደል? የዚህም ጎኑ እንዲህ ነው መሰማት ያለበት። አሁን እሱን ዳብሺ» አለችኝ። ብዳብሰው ትራስ ነው።

የምሰጠውን ሁሉ አንድ በአንድ ጠየቀችኝ፤ እኔም በኩራት ዘረዘርኩላት። ካልሲየሙ ላይ ስደርስ ብዕሯን አስቀመጠች።

«እሱን ማን አዘዘው?»

«ጫማ ሰፊው።»

«እንግዲያው ጫማ ሰፊው ጫማ ይስፋ» አለች። ቆጣ ብላ አይደለም፤ እንዲያውም የኔ ፊት ሲቀየር ስታይ ወንበር ስባ ቁጭ ብላ ነው ያስረዳችኝ። ትልቅ የሚሆን ውሻ ቀስ ብሎ ነው ማደግ ያለበት። ብዙ ስለበላ ቁመቱ የሚጨምር እንዳይመስልሽ፤ መጨረሻ ላይ የሚደርስበት ቁመት አይለወጥም፤ የሚለወጠው ቶሎ መድረሱ ነው። ሥጋው ከአጥንቱ ቀድሞ ሲከብድ ገና ያልጠናው አጥንት ይሸከመዋል፣ ከዚያ ይጣመማል። ካልሲየም ደግሞ ላደገ ውሻ ቢበዛ ሰውነቱ ያስወጣዋል፤ ትንሽ ቡችላ ግን የሰጡትን ሁሉ ነው የሚወስደው፤ ለሱ መብዛቱም እንደ ማነሱ ይጎዳዋል። ለትልቅ ዘር ቡችላ ተብሎ የሚዘጋጅ ምግብ አለ፤ ካልሲየሙም ቅባቱም በልክ ስለገባበት ሌላ የሚጨመርበት ነገር የለም። እሱን ብቻ፣ በቀን ሦስት ጊዜ፣ ተሰፍሮ። ወተት የለም፣ ዱቄት የለም፣ ከገበታ የሚወረወር የለም። ደረጃም በሰው እቅፍ ካልሆነ አይወርድም።

ራጅ አንስታው ውጤቱን ስጠብቅ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ አንተን ምን እንደምልህ ሳስብ ነበር። ኋላ ጠራችኝና «በጊዜ ደርሰሻል። አጥንቱ ገና አልተበላሸም፤ ምግቡን ካስተካከልሽለት ይቃናል» አለችኝ። እዚያው አለቀስኩ። ቡችላው እንባዬን ሊልስ ሲንጠራራ ሐኪሟ «ጨውም አይቀመስም» አለች።

ቤት ስደርስ ሁሉንም ለአባባ ነገርኳቸው። ጥጃውን አይወዱትም ብዬ ነበር የማስበው። እሳቸው ግን መነጽራቸውን አድርገው የምግቡን ከረጢት ጽሑፍ ከላይ እስከ ታች አነበቡና «ስፍሩን ለኔ ተዪው» አሉኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት ገበያ ለገበያ እየዞሩ የነጋዴ ሚዛን ሲፈትሹ የኖሩ ሰው፣ ጡረታ ከወጡ ወዲህ በኃላፊነት የሚለኩት ነገር አግኝተው አያውቁም። ነፍስ ዘሩልህ። ኩባያውን ሞልተው አናቱን በማስመሪያ ይደለድሉታል። ፍሬ ከወደቀች ጎንበስ ብለው አንስተው ይመልሷታል። ቡችላውንማ ከመጣ ጀምሮ በየእሑዱ ሲመዝኑት ነበር። መታጠቢያ ቤት ያለችው ሚዛን ላይ አቅፈውት ይወጣሉ፣ ቁጥሩን ያያሉ፣ አስቀምጠውት ብቻቸውን ይወጣሉ፣ ከዚያ ይቀንሳሉ። ሁሉንም በደብተር ይጽፋሉ። እኔ ለቀልድ የሚያደርጉት ይመስለኝ ስለነበር አንድም ቀን ገልጬ አላየሁትም።

ሁለት ሳምንት እንዲህ አለፈ። እግሩ ትንሽ ሻል አለው፤ ክብደቱ ግን እንደ ልማዱ ይወጣል። ሐኪሟ ለሁለተኛ ጊዜ ስታየው ግንባሯን ቋጠረች። «በዚህ ስፍር እንዲህ አይጨምርም። ቤት ውስጥ ሌላ የሚያበላው ሰው አለ» አለችኝ።

«የሚያበሉት አማቼ ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ ፍሬ ቆጥረው ነው» አልኳት።

«ሲመዝኑት የጻፉት ነገር ካለ ልየው።»

ደብተሩን ይዤላት ነበር። አባባ ናቸው ራሳቸው «ይጠቅማታል» ብለው በጋዜጣ ጠቅልለው የሰጡኝ። ገለጠችው። በዚያ ቀጥ ባለ እጅ ጽሑፋቸው ሦስት ዓምድ ተሰምሯል፤ አንዱ «ከነቡችላው» ይላል፣ ሁለተኛው «ብቻዬን»፣ ሦስተኛው «ልዩነት»። ሐኪሟ ሦስተኛውን ዓምድ በጣቷ እየተከተለች ወረደች። ከዚያ ጣቷ ወደ መሀለኛው ሄደና እዚያው ቀረ።

«ይህ ‹ብቻዬን› የሚለው ማነው?» አለችኝ።

«አማቼ ናቸው።»

ደብተሩን ወደኔ አዞረችልኝ። በመጀመሪያው እሑድ ስልሳ ስድስት ኪሎ። ከዚያ ስልሳ አምስት ተኩል። ስልሳ አራት ተኩል። ስልሳ ሦስት። በአሥረኛው እሑድ ሃምሳ ዘጠኝ ተኩል።

«ቡችላሽ ይድናል» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «እኚህን ሰው ግን በቶሎ ሐኪም አሳዪአቸው።»

ወደ ቤት የሄድኩበትን መንገድ አላስታውሰውም። በመሀሉ ግን ሱሪያቸው ትዝ አለኝ። ሁለት ጊዜ ወገቡን አጥብቢልኝ ብለው ሰጥተውኛል። «በመታጠብ ብዛት ሰፋ» ሲሉኝ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ጨርቅ ስይዝ የኖርኩት ሴት አመንኳቸው። ጨርቅ ሲታጠብ ይጠብባል እንጂ መቼ ይሰፋል? አመንኳቸው የምለው ራሴን ለማጽናናት ነው፤ እውነቱ አላየኋቸውም። አንተ ከሄድክ ወዲህ ቤቱ ስለከበደኝ ስፌት ቤት አመሻለሁ። ምሳቸውን ሠርቼ ከድኜላቸው እሄዳለሁ፤ ስመለስ ሳህኑ እንደ ታጠበ ጥርት ብሎ ይቆየኛል። «ሥጋው አነሰ» ሲሉኝ ደስ ብሎኝ እጨምርላቸው ነበር። እንዴት ያለ የምግብ ፍላጎት ነው እያልኩ።

ቤት ገብቼ «አባባ፣ ከስተዋል» አልኳቸው።

«ሚዛኑ አርጅቶ ነው» አሉኝ ቀና ሳይሉ።

ሠላሳ አንድ ዓመት ከነጋዴ አፍ የሰሙትን ሰበብ ለኔ ሰጡኝ። ብለምን እምቢ እንደሚሉ ስለማውቅ ሌላ መንገድ ያዝኩ። «እንግዲያው የጥጃው ክብደትም ልክ አይደለም ማለት ነው። በሌላ ሚዛን ካልተመሳከረ ሐኪሟ ምን ታምናለች? የሰፈሩ ክሊኒክ ሚዛን አለው፣ ሄደን እርስዎን እንመዝንና ልዩነቱን እንወቅ» አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና ኮታቸውን አነሡ።

ክሊኒኩ ውስጥ መጀመሪያ ያደረጉት ሚዛኑን ዞረው ማየት ነበር። «የተፈተሸበት ማኅተም የለውም» ብለው ለነርሷ ነገሯት። ከዚያ ወጡበት፤ ሃምሳ ዘጠኝ ተኩል። አንዴ ተያየን። ሚዛናችን አልዋሸም። ሐኪሙ ሲጠራቸው ከዚያ በኋላ አልተከራከሩም።

ሐኪሙ ሆዳቸውን ዳበሰ፣ ደም ወሰደ፣ ራጅ አዘዘ። ለብቻዬ ጠርቶኝ «በዚህ ዕድሜ ሰው እንዲህ ሲከሳ ሁሉንም ማየት አለብን፤ ውጤቱ ከአራት ቀን በኋላ ነው» አለኝ። ሁሉንም ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ ገባኝ። በዚያ እሑድ ስትደውል «ድምፅሽ ምን ሆነ?» ስትለኝ «ጉንፋን ነው» ያልኩህ ያን ጊዜ ነው።

በሦስተኛው ቀን ስፌት ቤት መቀመጥ አቃተኝ። መስፊያውን ከፍቼ እቀመጣለሁ፤ ጨርቁ አይሄድልኝም። በምሳ ሰዓት ተነሥቼ ወደ ቤት መጣሁ። የወጥ ቤቱ በር ገርበብ ብሏል። አባባ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጠው ሥጋውን ጥፍር በማታክል መጠን ይቆርጣሉ። አንዷን ጎረሱ። ሁለት ጊዜ አላመጡና ጉንጫቸውን በእጃቸው ደግፈው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ የታችኛውን ጥርሳቸውን አወለቁት፣ በመሀረብ ጠቀለሉት፣ ሥጋውን አንድ በአንድ ከጠረጴዛው ሥር ወደ ድንቡሼ ማቀበል ያዙ። እሳቸው ዳቦ በሻይ እየነከሩ ዋጡ።

«ቀስ በል» ይሉታል። «አንተ እንኳ ጥርስህ የራስህ ነው።»

በሩን ከፍቼ ገባሁ። መሀረቡን በእጃቸው ሸፈኑት።

«ቀድመሽ መጣሽ» አሉኝ።

«አዎ። አፍዎን ልየው፣ አባባ።»

እንደ ልጅ ከፈቱልኝ። ድዳቸው በቀኝ በኩል ተልጦ ቆስሏል። ባለቤቴ፣ እንባዬን እንዴት እንደዋጥኩት እኔ ነኝ የማውቀው። «ለምን አልነገሩኝም?» ስላቸው መሀረቡን ፈትተው ጥርሱን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ከዚያ እንዲህ አሉኝ፦ «ይህን ጥርስ ልጄ ነው ያሠራልኝ። ሊሄድ ሦስት ቀን ሲቀረው እኔን ይዞ ሐኪም ቤት ሲመላለስ ነበር። ‹ተመቸህ?› ሲለኝ ‹አዎ› አልኩት። ምን ልበለው? ትኬቱ ኪሱ ውስጥ ነበር።»

ሥጋውን ለምን ሳህኑ ላይ እንደማይተዉት ስጠይቃቸው ደግሞ «አንቺ የደከምሽበትን ምግብ ከድኜ ብመልስልሽ ታዝኛለሽ ብዬ ነው» አሉኝ። «ስፍሩን ግን አላዛባሁም። ኩባያው ሁልጊዜ ልክ ነው» አሉ። እዚያ ላይ ሳቅ አመለጠኝ። እሳቸውም ትንሽ ቆይተው፣ ያለዚያ ጥርስ፣ ሳቁ።

የዚያኑ ቀን ወደ ጥርስ ሐኪሙ ወሰድኳቸው። ጥርሱን አገላብጦ አየና የሚቆረቁረውን ጠርዝ በመሞረጃ ሞረደው። አሥር ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። ድዳቸው እስኪሽር ሁለት ቀን አውልቀውት ሰነበቱ፤ ሾርባና የተፈጨ ድንች ሠራሁላቸው።

ጥርስ ሐኪሙ ጋ በሄድን ማግስት የክሊኒኩ ውጤት መጣ። ሐኪሙ ወረቀቶቹን ሲያገላብጥ እኔ ጫማውን ነበር የማየው። ሳንባቸው ንጹሕ፣ ጉበታቸው ደህና፣ ስኳር የለ፣ የሚያሰጋ ነገር የለ። ደማቸው ትንሽ ሳሳ ብሏል፤ ምግብ ሲበሉ ይመለሳል። «የተራቡ ሰው ናቸው፤ ሌላ በሽታ የለባቸውም» አለኝ። ስንወጣ ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። አባባ አጠገቤ ቆመው ጃንጥላቸውን ያዙልኝ፤ ዝናብም አልነበረም። እኔ እንጃ ለምን እንደያዙልኝ።

ይህ ሁሉ ከሆነ ሁለት ሳምንት አልፎታል። አሁን በምሳ ሰዓት ቤት እመጣለሁ፤ የስፌት ቤቷ ኃላፊ ቀድሜ እየገባሁ እንዳካክስ ፈቅዳልኛለች። አባባና እኔ ፊት ለፊት ተቀምጠን እንበላለን። ሥጋ በደንብ ያላምጣሉ፤ ባለፈው እሑድ ስልሳ አንድ ኪሎ ከግማሽ ነበሩ። ድንቡሼ ከጠረጴዛው ሥር ሆኖ ወደ ላይ እያየ ያለቅሳል፤ አባትህ «ትእዛዝ ነው» ይሉታል፣ እንደ መሥሪያ ቤት ሰው። እግሩ እየተቃና ነው፤ ማነከሱም ጠፍቷል። ሐኪሟ ትናንት አይታው ጎኑን ዳበሰችና «አሁን አገኘሁት» አለች፣ የጎድን አጥንቱን ማለቷ ነው። እስከ ዓመት ከመንፈቁ ድረስ በዚሁ ምግብ ይቆያል፤ ሲያድግ ስፍሩን እሷ ትነግረናለች። ከእንግዲህ አቅፎ የሚመዝነው የለም፤ ስለከበደ እሷ ጋ ካለው የመሬት ሚዛን ላይ ይወጣል። አባባ ግን እሑድ እሑድ ለራሳቸው መውጣታቸውን አልተዉም፤ ቁጥሩን የማነበው እኔ ነኝ።

አንተ ያን ከባድ ዕቃ የሚያነሳ ክሬንህ ላይ ተቀምጠህ «ምነው በኔ ምክንያት» እንዳትል። ጥርሱን ስላሠራህላቸው አይደለም የተራቡት። ሦስታችንም አንዳችን አንዳችንን ላለማስጨነቅ ብለን ነው። እኔም ከዛሬ ጀምሮ «ሁሉ ሰላም ነው» ማለት ትቻለሁ፤ ስትደውል ያለውን እነግርሃለሁ፣ አንተም ያለውን ንገረኝ።

ይህን ስጽፍ አባባ ከቡችላው ጋር ከውጭ ገቡና «ለማን ነው የምትጽፊው?» አሉኝ። ለአንተ እንዳልነግር አስጠንቅቀውኝ ስለነበር «ለአንድ ደንበኛ ነው፤ የመጋረጃ ልክ» አልኳቸው።

«ብዙ መስኮት ያለው ቤት ነው መሰለኝ። አራተኛ ገጽሽ ነው» አሉ።

ወደ ክፍላቸው ሄዱ። ተመልሰው ሲመጡ አንድ ፖስታ ጠረጴዛው ላይ አኖሩልኝ። ቴምብሩ ተለጥፏል። ስምህና የድልድዩ ሥራ ጣቢያ አድራሻ በዚያ ቀጥ ባለ እጅ ጽሑፋቸው ተጽፎበታል።

«ደንበኛሽን ሰላም በዪልኝ» አሉኝ። «ሥራውን ጥሎ እንዳይመጣም ንገሪው።»

በሩ ጋ ሲደርሱ ቆም አሉ። ወደኔ አልዞሩም።

«መቼ እንደሚያልቅ ግን ጠይቂው» አሉ።

ይኸው ጠየቅኩህ።

የምትወጣበት ከፍታ ሁሉ በሰላም የምትወርድበት ይሁን። እጅህ አይዛል፣ እንቅልፍህ ይጣፍጥ፣ የሚያበላህም የሚያይህም ሰው አጠገብህ አይጥፋ።

የናፈቅካት፣
ባለቤትህ